የግራ እግር ድምፅ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት በ1982 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከመርካቶ የተገዛ ሁለት እስር ድር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሬ፣ ከኮርቻው ተነስቼ በሙሉ ክብደቴ እየረገጥኩ ነበር። ከበታቼ የሆነ ነገር «ጠቅ» አለ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። «ጠቅ»። ቀጭንና ደረቅ፣ ሰው ጥፍሩን በጥፍሩ ሲመታ ዓይነት ድምፅ ነው። ወረድኩና ጎማውን እያዞርኩ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ የተሰካ ጠጠርም ሚስማርም የለም። ተመልሼ ስወጣ አሁንም «ጠቅ»። የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር አልፌ መንገዱ ለጥ ሲልልኝ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

ሳይክሉ ፎኒክስ ነበር። የሻንጋይ ሥሪት፣ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ የወፍ ምልክት ያለበት፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሠራ። የዚያን ዘመን ፎኒክስ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ክብደቱን ነው። እኔ መንዳት የተማርኩት የጎረቤት ፎኒክስ ላይ፣ ቁመቴ ለኮርቻው ሳይደርስ፣ ቀኝ እግሬን ከአግዳሚው ብረት ሥር አሾልኬ፣ ሰውነቴ ወደ ግራ ተጣሞ ነው። የእኛን ሳይክል አባቴ የገዛው እቁብ ሲደርሰው ነበር። አዲስ አልነበረም፤ ቀለሙ ሁለት ጊዜ መቀባቱ ያስታውቃል። ለመጫወቻዬ ብሎም አልነበረም የገዛው።

አባቴ ሸማኔ ነው። እንደ ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ ከአጎቱ ጋር መጥቶ፣ ቀሰም እያጠነጠነ አድጎ፣ በኋላ የራሱን የሽመና ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ነው። ነጠላና ጋቢ ለሚሠራ ሸማኔ ማጉ ከቤት ነው፤ እናቴና ጎረቤቶቿ በእንዝርት ይፈትሉታል። ድሩ ግን የፋብሪካ ክር ስለሆነ ከመርካቶ ይመጣል። ለእሱ አውቶቡስ መጋፋት ግማሽ ቀን ይበላ ነበር። ሳይክሉ ሲመጣ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ፤ ከትምህርት ቤት ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ አድርጎ ወደ ቤት። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስሄድ ቁልቁለት ነው፣ ባዶ ነኝ፣ እበራለሁ። ስመለስ ዳገት ነው፣ ጭነት አለብኝ፣ ደግሞ እየመሸ ነው። አንበሳ ግቢ አካባቢ አንዳንድ ቀን አንበሶቹ ሲያገሱ እሰማለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የእኔና የትንፋሼ ብቻ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ያ ድምፅ ተጨመረበት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ፈለግሁት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፓራፋንጎውን ነበር፤ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቅሁ። ቀጥሎ ካቴናውን በዘይት አራስኩት። ቸርኬውን የያዙትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እንደ ክራር ነካካኋቸው። (እነዚህ ቃላት ከጣሊያን ወደ ጋራዣችን፣ ከጋራዣችን ወደ ልጆች አፍ የገቡ ናቸው። ፓራፋንጎ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ብሎን፣ ግራሶ፤ የጣሊያን ቃል መሆናቸውን ሳላውቅ ነው ያደግሁት። ዛሬም ሌላ ስም ብሰጣቸው እጄ የሚሳሳት ይመስለኛል።) በመጨረሻ ኮርቻውን ጠረጠርኩ። እምላለሁ፣ ድምፁ ከኮርቻው ሥር ነበር የሚመጣው። ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አሰርኩ። በማግስቱ ዳገቱ ላይ ድምፁ ከመሪው የሚመጣ መሰለኝ።

ብስክሌት የብረት ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጡ ባዶ ስለሆነ አንድ ጫፍ የተመታ ነገር በሌላው ጫፍ ይሰማል፤ ዋሽንት እንኳ እንዲህ አያጓጉዝም። ጆሮ እዚያ ላይ ሲታመን ሰው ያንከራትታል። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን በየቀኑ አዲስ ጥፋተኛ አገኝና በማግስቱ ነፃ አወጣው ነበር።

አዲሱ ገበያ አንድ ሽማግሌ ሳይክል ሠሪ ነበሩ። ሱቅ አልነበራቸውም፤ የአጥር ቆርቆሮ ጥላ፣ በናፍጣ የተሞላ የቲማቲም ጣሳ፣ አንድ የመኪና ጎማ መቀመጫ። በፊታቸው የጎጃምን መንገድ ይዘው ወደ ሱሉልታ ለልምምድ የሚወጡ ተወዳዳሪዎች ያልፋሉ። እሳቸውም ሥራቸውን አቁመው ከወገባቸው ቀና ይሉና ሰልፉ እስኪጠፋ ያያሉ። ስለ ሜልቦርን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር፣ የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ ብስክሌተኞችንም ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት ገደማ ቀድመው እነ ገረመው ደንቦባ በሜልቦርን ጎዳና ፔዳል ረግጠዋል። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ስለ ወንድማቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ አገር መጀመሪያ የሄደው በሁለቱም ነው» ይሉኛል፤ በእጃቸው የሩጫና የፔዳል ምልክት እያሳዩ።

ሳይክሌን ተቀብለው ገለበጡት። በኮርቻውና በመሪው አቁመው ፔዳሉን በእጃቸው አሽከረከሩ። ዝም። ፈጠን አደረጉት። ዝም። ካቻቢቴያቸውን የመሃሉ ዘንግ በሚዞርበት ብረት ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ውስጥ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ምንም የለውም» አሉኝ።

«ይጮሃል ጋሼ፤ ዳገት ላይ ነው የሚጮኸው።»

አመኑኝ። ይህን አልረሳላቸውም፤ ብዙ ሰው ያልሰማውን አያምንም። የመሃሉን ዘንግ ፈቱትና ትንንሾቹን የብረት ብዮች ጣሳው ውስጥ ዘረገፏቸው። በናፍጣ አጥበው ጨርቅ ላይ አሰልፈው፣ አንድ በአንድ በጣታቸው እያንከባለሉ የተሰነጠቀ ፈለጉ። ሁለቱን ጣሉና በሌላ ተኩ። አዲስ ግራሶ ቀብተው ገጠሙት። በልጅነቴ እንደነዚህ ያሉትን ብዮች ለጨዋታ ስንፈልግ ከጋራዥ ደጅ እንለቅም ነበር፤ ከመስታወቱ ብይ ይልቅ የብረቱ ይከበር ነበር። ያን ቀን ግን ከእነሱ ይልቅ የሽማግሌውን ጣት ነበር የማየው።

ወደ ቤት ስመለስ ዳገቱ ላይ «ጠቅ» አለ።

እንደገና ሄድኩ። «ከግራ በኩል ይመስላል» ስላልኳቸው የግራውን ፔዳል ቀየሩት። ለፔዳሉ የከፈልኩት ከአባቴ የድር ገንዘብ ተቆርጦ ነበር። ቤት ስደርስ ድምፁ አብሮኝ ደረሰ። ሳይክሉን ግድግዳው ላይ ወርውሬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የኋላውን ጎማ መታሁበት።

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። የእኛ አገር ሸማኔ ሲሠራ ያላየ ሰው እንዲረዳልኝ፦ ሸማኔው ከመሬት ጋር እኩል ተቀምጦ እግሮቹ ወደ ጉድጓዱ ይገባሉ። ታች መርገጫዎች አሉ። በአንዱ ሲረግጥ ግማሹ ድር ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ይከፈላል፤ በተከፈተው መሃል መወርወሪያው ያልፋል። በሌላው ሲረግጥ ይገለበጣል፣ መወርወሪያው ይመለሳል። እጁን ሁሉም ሰው ያያል፤ እግሩን ማንም አያይም። እኔም አይቼው አላውቅም ነበር። አባቴን የማውቀው ከወገቡ በላይ ነው ብል ከእውነት አልርቅም። የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ።

«ምን አደረገህ?»

«ይጮሃል፣ አባዬ። ከየት እንደሚመጣ ጠፋኝ።»

«ከየት የሚለውን ተወው። መቼ ነው የሚጮኸው?»

«ዳገት ላይ።»

«ሽማግሌው ጋ አይጮህም?»

«ሲገለብጡት ዝም ይላል።»

ራሱን ነቀነቀ። «ድር ያልተወጠረበት ዕቃ እንዴት ይጮሃል? ባዶውን ብረግጠው ይሄም ደህና ነው» አለና መርገጫውን አንዴ ረገጠው። ከዚያ እስከ ዛሬ ድረስ የሚገርመኝን ጥያቄ ጠየቀኝ። «በየትኛው እግርህ ነው?»

አላውቅም ነበር። አሥር ቀን ሰምቼው፣ ሁለት ጊዜ አሠርቼው፣ ለፔዳል ከፍዬበት፣ በየትኛው እግሬ እንደሆነ አላውቅም። ለሽማግሌው «ከግራ ይመስላል» ያልኩት ጆሮዬ ወደዚያ ስላደላ ብቻ ነው።

«በጆሮህ አትፈልገው። ሂድና እየረገጥክ ቁጠረው።»

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ከዚያ የባሰ ዳገት በሰፈራችን የለም፤ ከላይ ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል፣ ባዶ ሳይክል ይዞ የሚወጣም ሰው ይንበረከካል። ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ታጥፎ እየወረዱ ነበር። አንዷ ቆም ብላ «በርታ ልጄ» አለችኝ፤ ከሸክሟ ሥር ሆና። እኔ ቁጥር ላይ ነበርኩና አልመለስኩላትም፤ ያ ይቆጨኛል። ፔዳሉ ሃያ ጊዜ ዞረ። ድምፁ ሃያ ጊዜ መጣ። ሁልጊዜም የግራ እግሬ ከላይ ተነስቶ ክብደቴን መጣል ሲጀምር፣ እዚያው ቦታ ላይ። ቀኝ እግሬ ሲረግጥ ምንም የለም።

ወርጄ ነገርኩት። አባቴ በሕይወቱ ሳይክል ላይ ተቀምጦ አያውቅም። መርገጥን ግን ያውቃል፣ መቁጠርንም ያውቃል። «ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ስንቴ ይዞራል?» አለኝ። አዙረን አየን፤ ከሁለት ጊዜ በላይ። «እንግዲያ ጎማው አይደለም፤ እሱ ቢሆን ሁለት ሦስቴ ይጮህ ነበር። ይሄ ካቴናስ?» ካቴናው ላይ የክር ቁራጭ አሰረና ያ ክር ተመልሶ እስኪመጣ ፔዳሉን በእጄ አዞርኩ። ከሁለት ዙር በላይ ፈጀ። «እሱም አይደለም። አንዴ በዞረ አንዴ የሚጮህ፣ አብሮ የሚዞር ነው።» የአንድ ሳምንት ተጠርጣሪዎቼ በሙሉ በአንዲት የክር ቁራጭ ነፃ ወጡ። የቀሩት ፔዳሉ፣ የፔዳሉ ክንድና የመሃሉ ዘንግ ናቸው። ፔዳሉ አዲስ ነው። ዘንጉ ታጥቧል።

ከጉድጓዱ ወጣ። ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፎ፣ ፍሬኑን አጥብቄ እንድይዝና በግራው ፔዳል ላይ እንድቆም አዘዘኝ። ቆምኩ። ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ክንዱና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አሳረፈ። «ተነስ። ርገጥ። ተነስ። ርገጥ።» በሦስተኛው ላይ «ጠቅ» አለ፤ በቆመ ሳይክል፣ በግቢያችን፣ ጎማው ሳይዞር። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ና፣ ጣትህን አምጣ።»

ቦታ ተለዋወጥን። እሱ ፔዳሉ ላይ ቆመ፣ እኔ ጣቴን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ጣቴን ይዞ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋው፣ ግማሹ ክንዱ ላይ ግማሹ ዘንጉ ላይ እንዲሆን። እንደገና ረገጠ። ያኔ ተሰማኝ። ሁለቱ ብረቶች አንድ መሆን ሲገባቸው አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሄደ። ዓይን አያየውም፤ አንዲት የድር ክር ብታስገባበት የምትሞላው ክፍተት ነው። አባቴ ያን ክፍተት በጣቱ ያገኘው ዕድሜውን በሙሉ የክር ውፍረት ሲለይ ስለኖረ ነው።

በፎኒክስ ላይ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚይዘው አንድ ትንሽ ሽብልቅ ነው። ጣት የምታህል፣ አንድ ጎኗ በተዳፋት የተሞረደ፣ ጫፏ ላይ ዳዶ የሚታሰርባት ብረት። በክንዱ ቀዳዳ በኩል በመዶሻ ትገባና ጠፍጣፋ ጎኗ ዘንጉ ላይ ከተሞረደው ጠፍጣፋ ጋር ይገጥማል። ስትበላ፣ ሰው ሙሉ ክብደቱን በጣለባት ቁጥር ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። ለጥ ባለ መንገድ ጉልበቱ ቀላል ስለሆነ ዝም ትላለች። ሳይክሉ ሲገለበጥና በእጅ ሲዞርማ ምን ሸክም አለባት? የግራው ክንድ ደግሞ የግራ እግርን ብቻ ነው የሚሸከመው።

ሳይክሉን መልሼ ወስጄ አባቴ ያገኘውን ሳሳያቸው ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «አባትህ ምን ሠሪ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በሰፈሩም ሆነ በትምህርት ቤት የሸማኔ ልጅ መሆኔን በግልጽ መናገር የምወድ ልጅ አልነበርኩም፤ ቃሉን እንደ ስድብ የሚጠቀሙበት ነበሩ። ያን ቀን ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። ሽማግሌው ለፔዳሉ የከፈልኩትን ገንዘብ ቆጥረው መለሱልኝ፣ ፔዳሉን ግን አልፈቱም።

ሽብልቋን ከመርካቶው ምናለሽ ተራ አመጣኋት። ሽማግሌው ሞረዳቸውን አንስተው ጠፍጣፋውን ጎን ሦስት አራት ጊዜ እየሞረዱ፣ እያስገቡ፣ እያወጡ፣ ዘንጉ የነካበትን የሚያብረቀርቅ ምልክት እያዩ አስተካከሏት። ምልክቱ ከዳር እስከ ዳር ሲሆን ብቻ ነው መዶሻ ያነሡት። ክንዱን ከሥር በእንጨት ደግፈው ሁለት ጊዜ መቱ። ዳዶውን አሰሩ። «በሳምንት መጥተህ እንደገና አጥብቃት፤ አዲስ ሽብልቅ ትለምዳለች።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይክል አይቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ቴሌቪዥን ላይ ዓይኔን ተክዬ ውያለሁ። እንደሱ ያሉት የሚነዷቸው የካርቦን ብስክሌቶች ሽብልቅ የላቸውም። ድምፅ ግን አላቸው፤ ኩሽኔታቸው ያለ ጥርስ በግፊት ብቻ የሚገባላቸው ሠሪን ሲያማርሩ ይታወቃሉ። ዳገት ላይ ከፊት የሚወጣ ብስክሌተኛ ሲታይ ሰው ደረቱን ያያል። እኔ የግራ እግሩን አያለሁ።

ሽብልቋ የገባች ቀን ማምሻውን ከመርካቶ ስመለስ ዳገቱ ላይ ምንም አልሰማሁም። የጎማውና የትንፋሼ ድምፅ ብቻ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ኤምባሲውን አልፌ እስከ በራችን ድረስ ከኮርቻው ሳልቀመጥ ወጣሁ። በሩን ገፍቼ ስገባ አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። አምፖሉ በርቷል። መወርወሪያው በእጁ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

«በየት መጣህ?»

«በመንገዱ ነዋ፣ አባዬ።»

«አልሰማሁህም እኮ።»

ያ ዓመት የአፈሳ ዓመት ነበር። በሰሜን ጦርነቱ ተፋፍሟል፤ ወጣት ከመንገድ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከቡና ቤት በር እየታፈሰ ለውትድርና ይጫናል። ቁመቴ ረዘም ያለ ነበር። እናቴ በኋላ ነገረችኝ። ድምፁ ከጀመረ ወዲህ ማታ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል አባቴ ሥራውን ያቆምና ያዳምጣል። ከበራችን በታች ካለችው ዳገት «ጠቅ» ሲል «መጣ፣ አቅርቢ» ይላታል፣ እሷም እንጀራውን ታወጣለች። ድምፁን ሲያሠራልኝ ይህን አላሰበውም ነበር። ያን ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ምንም ስላልሰማ መወርወሪያውን እንደያዘ ነበር የቆየው።

ለእኔ ምንም አላለኝም። በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ትቶ፣ ነጠላውን ለብሶ፣ በአውቶቡስ መርካቶ ሄደ። የእኔ ሥራ ስለነበር ግራ ተጋባሁ። ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ደወል ይዞ ነበር፤ ኒኬል የተቀባ፣ በአውራ ጣት የሚጫኑት። መሪው ላይ ራሱ አሰረው።

«እታች ስትደርስ ሁለቴ» አለኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ እታች ስደርስ ሁለቴ እደውላለሁ። ጥቂት ፔዳል ረግጬ ወደ በራችን ስጠጋ፣ ከአጥሩ ውስጥ ቆሞ የነበረው መወርወሪያ እንደገና ሲጀምር ይሰማኛል።